ከታይትል ናይን እስከ 12 ዋንጫ፦ የዩሲኤልኤ የሴቶች ሶፍትቦል ቡድን ታሪክ

በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በአጭር መጠሪያው ዩሲኤልኤ፣ የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት በሚመራው ማኅበር (ኤንሲኤኤ) ሥር 12 የሴቶች ሶፍትቦል ዋንጫዎችን አንስቷል። ከዚህ የበለጠ ያሸነፈ ዩኒቨርሲቲ የለም። አንድ ተጨማሪ ዋንጫ ግን ተነጥቋል።

ሶፍትቦል ከቤዝቦል የተወለደ ጨዋታ ነው። ስሙ «ለስላሳ ኳስ» ቢልም ኳሱ ለስላሳ አይደለም። ወርዋሪዋ ከ13 ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ርቀት ላይ ቆማ፣ ክንዷን እንደ ወፍጮ አዙራ፣ ኳሱን ከዳሌዋ አጠገብ ትለቀዋለች።

የቡድኑ ታሪክ ከሕግ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1972 የጸደቀው «ታይትል ናይን» የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ በሚያገኙ የትምህርት ተቋማት ማንም ሰው በጾታው ምክንያት እንዳይገለል ይደነግጋል። በዋናው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስፖርት የሚል ቃል የለም። ሆኖም ለሴቶች ሜዳ፣ በጀትና የነፃ ትምህርት ዕድል ለመስጠት ያመነቱ የነበሩ ዩኒቨርሲቲዎችን ያስገደደው ይኸው ሕግ ነው።

ሻሮን ባከስ በ1975 የአሠልጣኝነቱን ኃላፊነት ተረከቡ፤ በ1978 ቡድናቸው የመጀመሪያውን ብሔራዊ ዋንጫ አነሳ። ይህ ድል ከ12ቱ ጋር አይቆጠርም። ያኔ የሴቶችን ውድድር ያስተዳድር የነበረው ሴቶች የሚመሩት ሌላ ማኅበር ነበርና። ኤንሲኤኤ የራሱን የሴቶች ሻምፒዮና ሲጀምር ያ ማኅበር ከሰመ። ሴቶቹ ሰፊ መድረክ ቢያገኙም በገዛ ስፖርታቸው ላይ የነበራቸው ሥልጣን መቀነሱ ዛሬ እምብዛም አይወሳም።

የ1982ቱን የመጀመሪያ የኤንሲኤኤ ዋንጫ ዩሲኤልኤ ወሰደ። ከተጫዋቾቹ አንዷ ዶት ሪቻርድሰን ነበረች። በኋላ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ሐኪም ሆና ሳለ፣ በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ ፍጻሜ ቻይና ላይ ወሳኙን ምት መታች። ሊሳ ፈርናንዴዝ ደግሞ ከ1990 እስከ 1993 በወርዋሪነት 93 ጊዜ አሸንፋ የተሸነፈችው 7 ጊዜ ብቻ ነው፤ በብሔራዊ ቡድንም ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ አግኝታለች።

በ1995 የተገኘው ዋንጫ ግን ኋላ ተሰረዘ። ማኅበሩ ያኔ ለእያንዳንዱ ስፖርት የሚሰጠውን የነፃ ትምህርት ዕድል ብዛት ይገድብ ነበር፤ ዩሲኤልኤ ከገደቡ አልፎ፣ ለሴቶች እግር ኳስ የተመደበውን ዕድል ለሶፍትቦል ተጫዋቾች ሲሰጥ ተገኘ። ሕጉ ለሴቶች ያስገኘው ገንዘብ ከአንዱ የሴቶች ቡድን ወደ ሌላው መዛወሩ ነው ነገሩን መራር የሚያደርገው።

በ1978ቱ ቡድን የተጫወቱት ሱ ኤንክዊስት በአሠልጣኝነት በ1999፣ በ2003 እና በ2004 ቡድኑን ለዋንጫ አበቁ። ከ2007 ጀምሮ የሚመሩት ኬሊ ኢኖዬ ፔሬዝም የቀድሞ ተጫዋች ናቸው፤ በ2010 እና በ2019 አሸንፈዋል። በ2019ኙ ግማሽ ፍጻሜ ራቼል ጋርሲያ 179 ኳሶችን ወርውራ በ10 ዙር አንድም ነጥብ አልተቆጠረባትም። ጨዋታውን የጨረሰውም የራሷ ምት ነበር።

ቡድኑ ከ2024 ወዲህ አባላቱ እስከ ምሥራቅ ጠረፍ በተዘረጉት «ቢግ ቴን» ሊግ ውስጥ ይጫወታል፤ ይህም ለተማሪዎቹ ረጅም የአውሮፕላን ጉዞ ማለት ነው። በ2028 ሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክን ስታስተናግድ የዩሲኤልኤ ግቢ የአትሌቶች መንደር ይሆናል። የሶፍትቦሉ ውድድር ግን እዚያ አይደረግም፤ ለኦክላሆማ ሲቲ ተሰጥቷል።