ጠቅላላ ሐኪም ወይስ ስፔሻሊስት? ከጎጃም የታየ የምርጫ ታሪክ

በምሥራቅ ጎጃም በጠቅላላ ሐኪምነት በማገለግልበት ወቅት፣ ምጥ የጠናባት አንዲት እናት ከጮቄ ተራራ ሥር በቃሬዛ መጣች። በዚያች ሌሊት በሆስፒታሉ የነበርኩት ሐኪም እኔ ብቻ ነበርኩ። በቀዶ ሕክምና እናትም ልጅም ተረፉ። በዚያው ሳምንት የስፔሻሊቲ ማመልከቻዬን አስገባሁ።

ይህን ምርጫ የወለደው የሕክምና ትምህርታችን ታሪክ ነው። በ1954 (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን በቡድን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። በ1964 በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ሲከፈት አገሪቱ የራሷን ሐኪሞች ማስተማር ጀመረች፤ ስፔሻሊስት ለመሆን ግን ባሕር መሻገር ግድ ነበር። በ1980 ገደማ የስፔሻሊቲ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር መንገዱ አጠረ፤ አቅጣጫው ግን ያው ከገጠር ወደ ከተማ ሆነ። ጠቅላላ ሐኪምነትም ሙያ መሆኑ ቀርቶ የተራ መጠበቂያ መሰለ።

በ2013 ዩኒቨርሲቲው የሦስት ዓመት የቤተሰብ ሕክምና ሥልጠና ሲጀምር፣ ሁሉን አቀፍ ሐኪምነት ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ መሆኑ ታወቀ። ዛሬ ደብረ ማርቆስም ሐኪሞችን የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አላት። ስለዚህ ጥያቄው «ልማር ወይስ ላገልግል?» ከሚለው ይልቅ «የተማርኩትን ይዤ የት ልቁም?» የሚለው ይመስለኛል።

እኔ ለትምህርት ሄጃለሁ፤ አልጸጸትም። ሌላዋ እናት በቃሬዛ ስትመጣ በቦታዬ ማን እንደሚቆም ግን እስከ ዛሬ ያሳስበኛል።