የእማማ ጸሐፌ ትእዛዝ

ደብዳቤ መጻፍ የጀመርኩት ለራሴ አይደለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ደሴ፣ አራተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ጎረቤታችን እማማ ቅዳሜ ማታ ያስጠሩኝ ነበር። ልጃቸው ወታደር ሆኖ ኤርትራ ዘምቷል። ከደብተሬ መሃል ሽቦውን ገለጥ አድርጌ ጥንዱን ገጽ አወጣለሁ። ከዳር የተቀደደ እንደሆነ ሌላውም ወረቀት ይረግፋል፣ መምህሩም ይቆጣል። ኩራዙ ወደ እኔ ይጠጋል።

«በይ ልጄ፣ ጻፊ» ይሉኛል። «ይድረስ ለምወድህ ልጄ። ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ ከናፍቆትህ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።»

ይህን መግቢያ ያኔ አገሩ ሁሉ በቃሉ ያውቀው ነበር። እኔም ብዙ ጊዜ እሳቸው ሳይጨርሱ ቀድሜ እጽፈው ነበር፤ ይህን ባደረግሁ ቁጥር ቆም ብለው ከመጀመሪያው ይደግሙታል። «ከናፍቆትህ በስተቀር» የምትለዋን ቃል እሳቸው ሳይሏት እንድትጻፍ አይፈልጉም ነበር።

ጸሐፌ ትእዛዝ የሚለው የቤተ መንግሥት ማዕረግ የገባኝ አድጌ ታሪክ ሳነብ ነው። ንጉሡ ይናገራል፣ ጸሐፊው ይጽፋል፣ ከራስጌው ማኅተም ያርፍበታል። ፊርማ አይፈለግም፤ ደብዳቤው የተናጋሪው ድምፅ ነውና። እማማ ማኅተም አልነበራቸውም እንጂ ሥራው ያው ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ለንግሥት ቪክቶሪያ ያስጻፉት ደብዳቤ ለንደን ደርሶ ያለ መልስ ተቀመጠ። ንጉሡም መልስ ሲያጡ እንደ ተናቁ ቆጠሩትና የእንግሊዙን ቆንስል አሰሩ። ወደ መቅደላው ጦርነት ያደረሰው መንገድ ሌላም ምክንያት ቢኖረው፣ እኔ ግን ያን ደብዳቤ ሳስብ ከልጃቸው ደብዳቤ ያልመጣ ሳምንት የእማማ ፊት ይታየኛል።

በቴዎድሮስ ዘመን ያልነበረውን መደበኛ ፖስታ ያቋቋሙት ዐፄ ምኒልክ ናቸው፤ በ1886 ዓ.ም.። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች የታተሙት ፓሪስ ነው። አራቱ የንጉሡን ምስል፣ ሦስቱ አንበሳውን ይዘዋል፤ ዋጋቸውም ከሩብ እስከ 16 ገርሽ ነበር። አገራችን በ1901 የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል እስክትሆን ድረስ ግን ያ ቴምብር ብቻውን ባሕር አያሻግርም ነበር። ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ ጅቡቲ ላይ የፈረንሳዮቹ ቴምብር ጭምር ያስፈልገው ነበር። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው፤ እስከዚያ ከመሃል አገር የሚላከው ደብዳቤ ቢያንስ የመንገዱን ከፊል በሰው እግርና በጋማ ከብት ይጓዝ ነበር።

ፖስተኛ ደጅ ለደጅ የሚዞርበት ልማድ እኛ ዘንድ አልሰፋም። ደብዳቤ የሚመጣው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው፤ ሣጥን የሌለው ደግሞ «በእገሌ በኩል» ብሎ ያስጽፋል። የእማማ ደብዳቤ በትምህርት ቤታችን ሣጥን በኩል ነበር የሚመጣው። የትምህርት ቤቱ ተላላኪ ከፖስታ ቤት ያመጣዋል፣ ጸሐፊዋ ስሙን ትጠራለች፣ እኔ ተቀብዬ እየሮጥኩ አደርሳለሁ። ከዚያ ጎረቤት ይሰበሰብና ጮክ ብዬ አነባለሁ። ስማቸው በሰላምታው ዝርዝር ውስጥ የተጠራ ሰዎች «አቤት!» ይላሉ፣ ልጁ ከበር ላይ እንደ ጠራቸው ሁሉ።

አንድ ማታ እማማ «እህትህ ታማብናለች» ብለው አስጻፉኝና ዝም አሉ። ቆይተው «ሰርዢው» አሉኝ። ሰረዝኩት። «አሁን አይነበብም?» ብለው ጠየቁ፤ ለብርሃን ቢይዙት ይነበባል አልኳቸው። ገጹን በሙሉ እንደገና ገለበጥኩ። «ጭንቀት ላይ ጭንቀት አይጨመርበትም፤ ሲሻላት እንነግረዋለን» አሉ። ልጅቱም ተሻላት፤ በሚቀጥለው ደብዳቤ መታመሟም መዳኗም አንድ ላይ ተጻፈ። ዛሬ በስልክ ልኬ፣ ስልኩ ገና እጄ ላይ ሳለ የምጸጸትበት መልእክት ብዙ ነው። ከእማማ አፍ ወጥቶ ልጃቸው እጅ እስኪገባ የነበረው ያ ጊዜ ለሐሳብ መመለሻ ነበር።

በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እማማም ማታ ማታ መማር ያዙ። በመጨረሻ የራሳቸውን ስም ለመጻፍ በቁ። እኔ አንድ ገጽ የምጽፍበትን ጊዜ ፈጅተው፣ እስክሪብቶውን እንደ ዘነዘና ጨብጠው፣ ከደብዳቤው ግርጌ ጻፉት። ከወር በላይ ቆይቶ መልሱ መጣ፦ «ከታች ያለው ስም የማን እጅ ጽሕፈት ነው?» ይላል። ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ።

ስልክን አልጠላም። እማማ ያኔ ስልክ ቢኖራቸው የልጃቸውን ድምፅ ይሰሙ ነበር፤ ይህን የመሰለ ጸጋ የሚንቅ የናፈቀ ሰው የለም። እኔ የናፈቀኝ ሌላው ነው፦ ስለ አንድ ሰው ብቻ እያሰቡ አንድ ሰዓት መቀመጥ። ስለዚህ ከሦስት ዓመት ወዲህ ጎንደር ላለችው እህቴ በወር አንድ ጊዜ በእጄ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ግማሽ ገጽ ሳልደርስ ጣቴ ዛለ፤ የሐመሩ ሐ የት እንደሚገባ፣ የብዙኃኑ ኀ የት እንደሚገባ ቆሜ አሰብኩ። ደብዳቤው ሲደርሳት ደወለችልኝ። በየቀኑ እየተደዋወልን ስለ እናታችን የመጨረሻ ሳምንት አንድም ቀን አውርተን አናውቅም ነበር፤ እኔ ግን ጽፌዋለሁ። ስልኩን ይዛ አለቀሰች፤ መልሷን ግን በስልክ አልነገረችኝም። ጽፋ ላከችው።

እማማ የልጃቸውን ደብዳቤዎች በእንጨት ሣጥን፣ ከነጠላቸው ሥር ያኖሩ ነበር። ፊደል ሳይቆጥሩም አንዱን ከሌላው ይለዩታል፤ የዝናብ ጠብታ ያረፈበት፣ ጥጉ የተቃጠለ፣ ሦስት ላይ የታጠፈ። «ያንን የአስመራውን አንብቢልኝ» ብለው የሚያወጡት ሁልጊዜ ራሱ ነበር።

የእህቴ ደብዳቤዎች አሁን ዐሥራ ዘጠኝ ደርሰዋል። ስለ እናታችን የጻፈችው ከጥጉ ላይ የሻይ ጠብታ አለበት፤ ሳልገልጠው አውቀዋለሁ።