ከቁም ሣጥን የወጣች ሸክላ

ብሪታንያውያን «ኢንዲ» የሚሉት ሙዚቃ አለ። ቃሉ «ኢንዲፔንደንት» ከሚለው ተቆርጦ የቀረ ሲሆን ራሱን የቻለ፣ ለትልቅ ኩባንያ ያላደረ ለማለት ነው። ዛሬ ጊታር ያነገተ ዓይን አፋር ወጣት ሁሉ ለስለስ ያለ ዜማ ባወጣ ቁጥር «ኢንዲ ፖፕ» ይባልለታል። መነሻው ግን የዜማ ዓይነት አልነበረም፤ ሸክላውን ያሳተመው ማን ነው? ዘፈኑስ የማን ንብረት ነው? የሚል ጥያቄ ነበር። ይህን ጥያቄ ከማንም በላይ በዕድሜው ያየው ሰው ደግሞ ስኮትላንዳዊው ኤድዊን ኮሊንስ ይመስለኛል። ታሪኩን ስንከተል ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እናስኬደው።

እስከ 1970ዎቹ ማብቂያ ድረስ ዘፋኝ ለመሆን የሚያስብ ስኮትላንዳዊ ወጣት ጓዙን ጠቅልሎ ለንደን መግባት ነበረበት። አሳታሚውም፣ ጋዜጣውም፣ ሬዲዮ ጣቢያውም እዚያ ነው። ግላስጎው በበኩሏ በክላይድ ወንዝ ዳር መርከብ ስትሠራ የኖረች ከተማ ስትሆን፣ በዚያን ጊዜ ሥራዋ እየራቃት ነበር። በአቅራቢያዋ የነበረው የሊንዉድ የመኪና ፋብሪካም በ1981 ተዘግቷል። የፐንክ ሙዚቃ ሲመጣ ደግሞ የከተማይቱ ሹማምንት ፊታቸውን ስላጠቆሩበት ወጣቱ ኮንሰርት ለማየት ወደ ጎረቤት ከተማ ወደ ፔይዝሊ ይሄድ ነበር።

ኮሊንስ፣ ጄምስ ከርክ፣ ዴቪድ ማክሊመንትና ስቲቨን ዴሊ የባንዳቸውን ስም «ኦሬንጅ ጁስ» ያሉት በ1979 ነው። የብርቱካን ጭማቂ መሆኑ ነው! ሌላው ፐንክ ጥርሱን አፋጭቶ በሚጮህበት ሰዓት እነዚህ ስለ እፍረትና ሳይሳካ ስለቀረ ፍቅር ይዘፍኑ ጀመር። ጊታራቸውም ግማሹን ከኒውዮርኮቹ ከቬልቬት አንደርግራውንድ፣ ግማሹን ደግሞ «ሺክ» ከተባለው የጥቁር አሜሪካውያን የጭፈራ ባንድ የተማረ ነበር። ሁለቱን ማዳቀል በዚያን ጊዜ ለማንም የሚታሰብ ነገር አልነበረም።

አለን ሆርን የሚባል አፈ ስለት ወዳጃቸው በዌስት ፕሪንስስ ጎዳና ከሚገኘው አፓርታማው ሆኖ «ፖስትካርድ» የተባለ ሸክላ አሳታሚ አቋቋመ። ቢሮው የመኝታ ቤቱ ቁም ሣጥን ነበር ይባላል። ይህም ሆኖ መፈክሩ «የወጣቷ ስኮትላንድ ድምፅ» የሚል ነው፤ የዲትሮይቱ ሞታውን ኩባንያ ራሱን «የወጣቷ አሜሪካ ድምፅ» ማለቱን ለመቀለድም፣ ለመመኘትም። አርማው ከበሮ የምትመታ ድመት ነች።

በ1980 መጀመሪያ «ፎሊንግ ኤንድ ላፊንግ» የተባለችው የመጀመሪያዋ ነጠላ ሸክላ ወጣች። (ነጠላ ሸክላ ሲባል አንባቢ ግር አይበለው፤ እነ ዓለማየሁ እሸቴ ስማቸውን የተከሉባት ያቺው ባለሁለት ገጽ ትንሽ ሸክላ ናት።) ብዛቷ አንድ ሺህ እንኳ አይሞላም። ሆርንና ኮሊንስ ሸክላዎቹን በሆርን አባት መኪና ጭነው ለንደን ወረዱ፤ «ራፍ ትሬድ» የተባለው ሱቅና አከፋፋይ በመቶ የሚቆጠር ተረከባቸው። ከዚያ ሆርን በቢቢሲ ሬዲዮ የማታ ፕሮግራም አዳዲስ ባንዶችን ያስተዋውቅ ወደነበረው ወደ ጆን ፒል ሄደና የማንቸስተርና የሊቨርፑል ዘመን አብቅቷል፣ ከእንግዲህ ተራው የግላስጎው ነው አለው። ፒል በድፍረቱ ባይደሰትም ሸክላውን አጫወተ።

ነገሩ ጉራ ብቻ አልነበረም። የኤድንብራው ጆሴፍ ኬ እና ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበረው ሮዲ ፍሬም የመራው አዝቴክ ካሜራ እዚያው አሳተሙ። ጎ-ቢትዊንስ የተባሉት አውስትራሊያውያንም ከብሪዝበን ድረስ መጥተው አንድ ነጠላ በፖስትካርድ አወጡ። ከዓለም ዳር የመጣ ባንድ ግላስጎው ገብቶ ዘፈኑን ሲያሳትም የለንደን ሰው ደንግጦ እንደሆነ አይፈረድበትም።

ይሁንና ፖስትካርድ ደርዘን ያህል ነጠላና አንድ አልበም ካወጣ በኋላ በ1981 ዝም አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነፍስ ቢዘራም አልቆየም። ኦሬንጅ ጁስ ፖሊዶር ወደተባለው ትልቅ ኩባንያ ገባ። በ1983 «ሪፕ ኢት አፕ» የተባለው ዘፈን በብሪታንያ ሰንጠረዥ 8ኛ ሲወጣ ከመሥራቾቹ ውስጥ ከርክና ዴሊ የሉም፤ ከበሮውን የሚመታው የዚምባብዌው ተወላጅ ዚክ ማኒካ ነበር። ይህን «ክህደት» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ከቁም ሣጥን የሚመራ ድርጅት ለአራት ሰው የቤት ኪራይ ማውጣት አይችልም፤ ዝና ደግሞ እንጀራ አይሆንም።

የተዘራው ግን አልጠፋም። በ1996 በግላስጎው ስቶው ኮሌጅ የሙዚቃ ንግድ ተማሪዎች በኮሌጁ አሳታሚ በኩል የአንድ አዲስ ባንድ አልበም በአንድ ሺህ ቅጂ አወጡ፤ ባንዱ ቤል ኤንድ ሰባስቲያን ነው። በ2004 ደግሞ የግላስጎዎቹ ፍራንዝ ፈርዲናንድ ከአንድ ነፃ አሳታሚ ጋር ሆነው «ቴክ ሚ አውት» የተባለችውን ነጠላ 3ኛ ደረጃ ላይ አደረሷት። በጊታራቸው ውስጥ የኦሬንጅ ጁስ ጆሮ ይሰማል።

ኮሊንስ ራሱ ከባንዱ መፍረስ በኋላ ለዓመታት አሳታሚ ፊት ነሥቶት ኖሮ በ1994 በራሱ ስቱዲዮ «ኤ ገርል ላይክ ዩ»ን ሠራ፤ ዘፈኑ በማግሥቱ ዓመት ዓለምን ዞረ። ባለቤትነቱን ለማንም አልሸጠም። በ2005 ግን አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሰሰ። ቀኝ እጁ ከዳው፣ መናገርም እንደ አዲስ መማር ነበረበት። ባለቤቱ ግሬስ ማክስዌል ሥራ አስኪያጁም ነች። በ2009 ይህንኑ ዘፈን አድማጭ በነፃ እንዲሰማው ማይስፔስ በተባለው የኢንተርኔት ገጽ ላይ ለማኖር ሞክራ ተከለከለች፤ ምክንያቱም አንድ ትልቅ ኩባንያ ንብረቴ ነው ብሎ ነበር። የዘፈኑ ባለቤት ዘፈኑን ማሰማት አልቻለም ማለት ነው።

ባልና ሚስቱ በ2011 የራሳቸውን አሳታሚ ከፈቱ፤ በኋላም በሰሜን ስኮትላንድ ባሕር ዳር ሄልምስዴል በተባለችው ትንሽ ከተማ ስቱዲዮ ሠሩ። ለንደን ከዚያ እጅግ ሩቅ ነው። በ2019 እና በ2025 የወጡት አልበሞቹ የተቀዱት በዚሁ ስቱዲዮ ነው። አዲስ ዜማ ሲመጣለት በግራ እጁ የጊታሩን አንገት ይይዛል፤ ክሩን የሚመታለት ሌላ ሰው ነው።