አንድ ዛፍ፣ አራት ስም

ዋሽንግተን የምትኖር እህት ከሱፐርማርኬት «ባርትሌት» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ፒር ትገዛለች። ለንደን ያለው ወንድሟ «ዊሊያምስ» የሚባለውን ይገዛል። ሁለቱ በስልክ «የኛ ይጣፍጣል፣ የናንተ አይጣፍጥም» ብለው ቢከራከሩ ክርክሩ ከንቱ ነው። ፍሬው አንድ ነው። ይመሳሰላል ማለት ብቻ አይደለም፤ ሁለቱም የመጡት ከአንድ ዛፍ ነው። ያ ዛፍ የበቀለው ደግሞ የዛሬ 250 ዓመት ገደማ፣ እንግሊዝ አገር፣ በአንድ የገጠር አስተማሪ ጓሮ ውስጥ ነበር።

እንዴት ሊሆን ይችላል? መልሱን ለማግኘት የፒርን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል።

የፒር ልጅ እናቱን አይመስልም። ጥሩ ፒር በልታችሁ ፍሬዋን ጓሮ ብትቀብሩ ትበቅል ይሆናል። ከብዙ ዓመት ጥበቃ በኋላ የምታገኙት ግን ሌላ ነገር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ፣ ጠንካራ፣ አፍ የሚያኮማትር። ምክንያቱ ቀላል ነው። አብዛኛው የፒር ዛፍ በራሱ የአበባ ዱቄት በደንብ አያፈራም። ንብ ከሌላ ዓይነት ፒር የምታመጣለትን ዱቄት ይፈልጋል። ስለዚህ እናቱ ብትታወቅም አባቱ ማን እንደሆነ የምታውቀው ንቧ ብቻ ናት።

ለዚህ ችግር ሰው ያገኘው መፍትሔ በጣም ጥንታዊ ነው፦ ማዳቀል። የተዳቀለ የአቮካዶ ችግኝ ገዝቶ የተከለ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። በብርዱ ወራት፣ ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ በተኛበት ጊዜ፣ ከተወደደው ፒር ላይ ቀንበጥ ይቆረጣል። ከዚያ ሥር በሰደደ ሌላ ችግኝ ግንድ ላይ፣ የሁለቱ አረንጓዴ የውስጥ ልጣጭ እንዲገጥም ተደርጎ ይሰካና ይታሰራል። ከያዘ፣ ሥሩ የአንዱ፣ ፍሬው የሌላው ይሆናል። የጉራጌና የሲዳማ ገበሬዎች ከእንሰቱ አምቾ አዳዲስ ቡቃያ ሲያወጡም የሚሠሩት በመንገዱ ቢለይ በሐሳቡ ከዚህ ጋር አንድ ነው። ዘርን አልፈው ያንኑ ተክል ይቀጥሉታል።

እንግዲህ ማንኛውም የተወደደ ፒር ሲጀመር አንድ ዛፍ ነበር። ያ ዛፍ ዕድሜው ቢያልቅም፣ ቆርጦ የሚሰካለት እጅ እስካለ ድረስ አይሞትም። ችግሩ፣ ቀንበጡ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ስሙ አብሮት አለማለፉ ነው።

ወደ አስተማሪው እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1765 እና በ1770 መካከል፣ በርክሸር ውስጥ ባለችው አልደርማስተን መንደር፣ ጆን ስቴር በሚባል የትምህርት ቤት መምህር ግቢ አንድ ፒር ታየ። ፍሬው ሲበስል ወደ ቢጫ የሚለወጥ፣ ጭማቂው የሚንጠባጠብ፣ መዓዛው የሚጣራ ነበር። ሰውም መጀመሪያ በተገቢው መንገድ ጠራው፦ «የስቴር ፒር»፣ «የአልደርማስተን ፒር»። የባለቤቱን ስም ወይም የመንደሩን ስም ማለት ነው።

ቀጥሎ ዛፉ ለንደን አጠገብ፣ ተርንሃም ግሪን ውስጥ ችግኝ እያፈላ የሚሸጥ ሪቻርድ ዊሊያምስ የሚባል ሰው እጅ ገባ። ዊሊያምስ አባዛውና ለአገሩ ሁሉ አዳረሰው። ሙሉ ስሙም «ዊሊያምስ ቦን ክሬቲየን» ሆነ፤ ሁለተኛው ክፍል በፈረንሳይኛ «ጥሩ ክርስቲያን» ማለት ነው። የስቴር ስም ከዚህ በኋላ ከገበያ ወጣ።

እ.ኤ.አ. በ1799 ገደማ ጥቂት ዛፎች በመርከብ አትላንቲክን ተሻገሩ። ቦስተን አጠገብ፣ ሮክስበሪ በሚባል ቦታ፣ በቶማስ ብሩወር መሬት ላይ ተተከሉ። ከዓመታት በኋላ መሬቱን ኢኖክ ባርትሌት የሚባል ሰው ያዘው። ዛፎቹ አሉ፣ ፍሬያቸው ግሩም ነው፤ ምን እንደሚባሉ ግን የሚነግረው አልነበረም። ባርትሌትም በራሱ ስም አሰራጫቸው። በ1828 ከአውሮፓ አዲስ ዛፎች መጥተው ጎን ለጎን ሲታዩ፣ ባርትሌትና ዊሊያምስ አንድ መሆናቸው ታወቀ። ግን ምን ዋጋ አለው? ስሙ ሥር ሰድዶ ነበር። አሜሪካ እስከ ዛሬ ባርትሌት ትለዋለች።

እዚህ ላይ ሌባ መፈለግ ይቻላል፤ ግን ባርትሌት ሌባ አልነበረም። አንድ ያልተጻፈ ስም ጠፋ፣ እሱ የራሱን ሞላበት፣ በቃ። አሁን ከዚያው ማሳቹሴትስ ሌላ ፒር እንመልከት። ጆን ኤንዲኮት የቅኝ ግዛቱ ገዢ ነበር። ዛሬ ዳንቨርስ በሚባለው ከተማ ከ1630 እስከ 1649 ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ ፒር አስተከለ። ዛፉ አውሎ ነፋስ አልፎበታል፤ በ1964 በመጋዝ ተቆርጦ ጉቶ ብቻ ቀርቶ ነበር። እንደገና አቆጠቆጠ፣ ዛሬም ያፈራል። ስሙ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተለወጠም፦ «የኤንዲኮት ፒር»። ዛፉ ከቦታው አልተነቃነቀም፣ ተካዩም ገዢ ነበር። የተጓዘው ዛፍና የገጠሩ አስተማሪ ግን ያን ዕድል አላገኙም።

የስም መጥፋት ሁልጊዜ በአጋጣሚ ብቻ አይደለም። በዚሁ በማዳቀል ጥበብ ታሪክ ውስጥ፣ ከፒር ወጣ ብለን ወደ ፒካን ለውዝ ብንሄድ፣ የሚያም ምሳሌ አለ። ሉዊዚያና ውስጥ ኦክ አሊ በሚባለው የሸንኮራ እርሻ አንትዋን የሚባል በባርነት የተያዘ አትክልተኛ ነበር። ፒካንን ማዳቀል አስቸጋሪ ነበር። አንትዋን ግን በ1846 እና በ1847 መካከል በነበረው ብርድ 16 ዛፎች አዳቅሎ ያዙለት። ከዚያ የመጣው ለውዝ በ1876 በፊላደልፊያው ታላቅ ኤግዚቢሽን ተሸለመ፣ «ሴንቴኒያል» የሚል ስምም ወጣለት። በስም ከሚታወቁት የፒካን ዝርያዎች የመጀመሪያው ይህ ነው። ሽልማቱ ለእርሻው የኋለኛ ባለቤት ሄደ። አንትዋን የአባቱ ስም እንኳ አልተጻፈለትም። ስምን ከአባት ስም ጋር ለምንጠራ ለኛ ይሄ ምን ያህል ጉድለት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ስም ማወቅ ለክብር ብቻ ሳይሆን ለሥራም ይጠቅማል። ፒር ጓሮው ውስጥ መትከል ለሚፈልግ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «ይሄ ዛፍ ማን ነው?» የሚለው ነው። ሁለት ባርትሌት ጎን ለጎን ቢተክል አንድ ዛፍ ሁለት ቦታ ተከለ እንጂ ለየብቻቸው የሆኑ ሁለት ፒሮች አላገኘም። አንዱ ለሌላው ጥሩ አጋር አይሆንም። አንደኛው «ባርትሌት» ሌላኛው «ዊሊያምስ» ተብሎ ቢሸጥለትም ያው ነው፤ በ1828 የተፈታው ግራ መጋባት ዛሬም ጓሮ ውስጥ ፍሬ ሊያሳጣ ይችላል። በአንድ ጊዜ የሚያብብ ሌላ ዓይነት፣ ለምሳሌ «ቦስክ»፣ ወይ በእሱ ግቢ ወይ በጎረቤት ግቢ መኖር አለበት።

ባርትሌት ብርድም ይፈልጋል። ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች 800 ሰዓት ያህል ካልተኛ በደንብ አያብብም፤ ቆላ ላይ ተክሎ ፍሬ መጠበቅ ልፋት ነው። ቅርንጫፍን በእሳት የተለበለበ የሚያስመስለው የባክቴሪያ በሽታም በቀላሉ ያጠቃዋል። በየአገሩ ያለው ባርትሌት ያው አንድ ዛፍ ስለሆነ፣ ድክመቱም በየአገሩ አንድ ነው። ፍሬውን ደግሞ ዛፉ ላይ እስኪበስል መጠበቅ አያስፈልግም። ከውስጥ ስለሚበስል ውጪው ሲለሰልስ ልቡ በስብሶ ሊገኝ ይችላል። ገና ጠጠር ሳለ ተለቅሞ ቤት ውስጥ ይበስላል። አንገቱ አካባቢ በጣት ሲጫኑት እሺ ካለ ደርሷል።

ይህን ሁሉ የሚወስነው ግን ችግኙ ላይ የምትንጠለጠለዋ ትንሽ ወረቀት ናት። ዝናብ ያርሳታል፣ ፀሐይ ያነጣታል፤ በሦስተኛው ዓመት የለችም። ፒር ደግሞ ከተካዩ በላይ የሚኖር ዛፍ ነው። ቤቱ ይሸጣል፣ አዲሱ ባለቤት እንደ ባርትሌት ግሩም ፍሬ ይበላና ስሙን የሚነግረው ያጣል። ስለዚህ የዛፉን ስም፣ ከማን እንደመጣና የተተከለበትን ዓመት ቆርቆሮ ላይ በምስማር ጫር ጫር አድርጎ ቅርንጫፉ ላይ ላላ አድርጎ ማሰር ነው። ጎረቤት መጥቶ «እስቲ ከዚች ቀንበጥ ስጠኝ» ሲል፣ ስሙንም ጽፎ አብሮ መስጠት። ለጆን ስቴር ይህን ያደረገለት ሰው አልነበረም።