ጂስር አ-ዛርቃ ለምን ቀረች?

በዚህ ቃይጽ ልጆችንና የልጅ ልጆችን ይዛችሁ ባሕር የምትወርዱ እናቶችና አባቶች፣ በዶርና በማአጋን ሚካኤል ፊት ለፊት ያሉትን ትንንሽ ደሴቶች ልብ በሉ። ሻሃፊት የሚባሉት ነጫጭ የባሕር ወፎች የሚፈለፍሉት እዚያ ነው። በመራቢያቸው ጊዜ ደሴቱ ላይ መውጣት ክልክል ነው፤ ከዳር ሆኖ ማየት ይበቃል።

ትንሽ ወደ ደቡብ ጂስር አ-ዛርቃ አለች፤ በእስራኤል የሜዲትራኒያን ዳር የቀረች ብቸኛዋ የዓረብ መንደር። ሰዎቹ ድሮ በካባራ ረግረግ ጎሽ እያረቡ፣ ከደንገል ሰሌን እየሠሩ ነበር የሚኖሩት። በ1920ዎቹ ወባን ለማጥፋትና የእርሻ መሬት ለማግኘት ተብሎ ረግረጉ መድረቅ ጀመረ፤ የነሱም ኑሮ አብሮ ደረቀ።

በ1948 ዶር አጠገብ የነበረችው የዓሣ አጥማጆች መንደር ታንቱራ ባዶ ስትሆን ጂስር ለምን ቀረች? የዚክሮን ያዕቆብና የቢንያሚና ገበሬዎች፣ ሠራተኞቻችን ናቸው ብለው ስለተከራከሩላቸው ነው። በጎንደር ርስት ተከልክሎ በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ የኖረ ወላጅ ይህን ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም።

ዓሣ አጥማጆቹ ዛሬም ከመንደሩ በታች ጎጆና ጀልባ አላቸው። ልጆቻችሁ ዕብራይስጥ ያስተርጉሙላችሁና ከሽማግሌዎቹ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተጨዋወቱ።