የበደል ስም፦ በባሕሪና በኦምዱርማን የጾታ ጥቃትን የመሰየም ታሪክ

በሱዳን ዋና ከተማ፣ ሁለቱ ዓባዮች በሚገናኙበት ስፍራ፣ ካርቱም፣ ኦምዱርማንና ባሕሪ ወንዝ ለይቷቸው ይተያያሉ። በእነዚህ ከተሞች የትምህርት ተቋማት በሴቶች ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት ለማስገንዘብ የተደረገው ጥረት ታሪክ፣ በቋንቋ ዐይን ሲታይ፣ በአመዛኙ የመሰየም ታሪክ ነው። በደሉ ቀድሞ ነበረ፤ ክሱ ግን ስም እስኪገኝለት ድረስ ቆየ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው የሴቶች ትምህርት ነው። ሼክ ባቢክር በድሪ በጥቁር ዓባይ ዳር ባለችው በሩፋዓ ከተማ በ1907 የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ የገዛ ሴት ልጆቻቸውም ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች መካከል ነበሩ። ልጃቸው ዩሱፍ በድሪ በ1966 በኦምዱርማን የአሕፋድ የሴቶች ኮሌጅን መሠረቱ። «አሕፋድ» በዐረብኛ «የልጅ ልጆች» ማለት ነው። ኮሌጁ ተማሪዎቹን ወደ ገጠር እያወጣ ከባላገር ሴቶች ጋር ያሠራ ስለነበር፣ የካምፓሱ ቃል ከካምፓሱ ውጭ የሚሰማበት መንገድ ቀድሞ ተጠርጎ ነበር።

የመጀመሪያው የቃል ፈተና ግርዛት ነበር። የሱዳን ዐረብኛ የሴት ልጅ ግርዛትን «ጠሁር» ይለዋል፤ «መንጻት» ማለት ነው። ያልተገረዘችው «ገልፋ» ትባላለች፤ ይህም ስድብ ነው፤ አማርኛ «ቆላፍ» የሚለውን ለማዋረድ እንደሚጠቀምበት ማለት ነው። በ1979 የዓለም ጤና ድርጅት የሴቶችንና የሕፃናትን ጤና በሚጎዱ ልማዶች ላይ በካርቱም ጉባኤ አካሄደ፤ በዚያው ዓመት በባቢክር በድሪ ስም የተጠራው የሴቶች ጥናት ማኅበር ተቋቋመ። ሆኖም ድርጊቱ «መንጻት» እየተባለ እስከተጠራ ድረስ፣ የሚቃወመው ሰው ንጽሕናን የሚቃወም ይመስል ነበር። በ2008 የተጀመረው ብሔራዊ ዘመቻ ይህን ተረድቶ ላልተገረዘች ልጅ «ሰሊማ» የሚል ስም ሰጠ፤ «ሙሉ፣ ጤነኛ፣ ያልተነካች» ማለት ነው፤ ሥሩም ከእኛው «ሰላም» ጋር አንድ ነው። ሕጉ ድርጊቱን በመላው አገሪቱ በወንጀልነት የፈረጀው በ2020 ነው።

ሁለተኛው ፈተና በሕግ ቋንቋ ውስጥ ነበር። የ1991 የሱዳን የወንጀል ሕግ አስገድዶ መድፈርን «ዚና» በሚለው ቃል፣ ማለትም ፈቃድ የሌለበት ዝሙት ብሎ ተረጎመው። ስለዚህ ተበዳይዋ መደፈሯን ማስረዳት ካልቻለች የገዛ አቤቱታዋ በዝሙት ሊያስከስሳት ይችል ነበር። በ2011 ደቡብ ሱዳን ነጻ ስትወጣ፣ በጦርነት ሳቢያ ወደ ካርቱም ተዛውረው የነበሩት የደቡብ ዩኒቨርሲቲዎች ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በሰሜን የቀሩት ተማሪዎችና መምህራን የባሕሪ ዩኒቨርሲቲ በተባለው አዲስ ተቋም ተሰበሰቡ። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር አንዲት የሥነ ጥበብ ምሩቅ የጸጥታ ሰዎች ይዘው እንደደፈሯት ፊቷን ሳትሸፍን በቪዲዮ ተናገረች። ጉዳዩን የጻፉ ጋዜጠኞች ተከሰሱ፤ የታሰሩም ነበሩ። በ2015 ሕጉ ተሻሽሎ «ኢግቲሷብ» ከ«ዚና» ተለየ፤ ወሲባዊ ትንኮሳም፣ በዐረብኛው «ተሐሩሽ»፣ ራሱን የቻለ ወንጀል ሆነ።

የአማርኛ ታሪክም ከዚህ አይርቅም። የ1957 የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ቢያገባ ከቅጣት ያድነው ነበር፤ ይህ የቀረው በ2005 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ ነው። የባሕሪ ዩኒቨርሲቲ በተመሠረተበት በ2011፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ሴት ተማሪዎችና መምህራን የሎው ሙቭመንት የተባለውን እንቅስቃሴ ጀምረው ጥቃትን በግቢው አደባባይ የመነጋገሪያ ርእስ አደረጉት። ቃሉ ግን ዛሬም ሁለት ፊት አለው። «ደፈረ» ጀግናውንም በዳዩንም ያመለክታል፤ «ተደፈረች» ስንል ደግሞ ክብሯ የተነካ እሷ እንጂ ነውሩ የእሱ መሆኑ አይሰማም። በ2014 የወጣው «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም ርእሱን ያገኘው ከዚሁ መንታ ትርጉም ነው።

ስም ብቻውን ጥቃትን አላስቆመም። በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ባሕሪ ከመጀመሪያዎቹ የጦር ሜዳዎች አንዷ ሆነች፤ ዩኒቨርሲቲዎቹ ተዘጉ፣ ተማሪዎቹ ተበተኑ። የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎች በ2024 በሰፊው የተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃትን መዘገቡ፤ አብዛኛውንም በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ላይ አኖሩት። ሆኖም በዚህ ጦርነት የሚመሰክሩ ሴቶች የሚናገሩት «ኢግቲሷብ» በሕግ ከ«ዚና» ከተለየ በኋላ ነው። ቃሉን ያገኙት ከእነሱ በፊት ዋጋ በከፈሉ ሴቶች ነው።

ለቋንቋ ተመራማሪ ከዚህ የሚተርፈው ሥራ ግልጽ ነው። መዝገበ ቃላት ስናዘጋጅ «ጠለፋ»ን የጋብቻ ዓይነት ብቻ አድርገን ከፈታን፣ «ጠሁር»ንም «መንጻት» ብለን ካለፍን፣ የበዳዩን ትርጉም ሳናስበው እንጽፋለን። ፍቺው ቃሉ በማን አፍ፣ በማን ላይ እንደሚነገር ጨምሮ ማሳየት አለበት።