ኬና እና የመደርደሪያው ጥያቄ

በፈረንጆቹ 1985 የአየርላንዱ ባንድ የዩቱ ድምፃዊ ቦኖ ከባለቤቱ ከአሊ ጋር ወሎ፣ አጅባር ድረስ መጥቶ በድርቅ የተጎዳ ሕዝብ በተጠለለበት ሰፈር ወር ያህል ሲያገለግል ሰነበተ። እዚያ ሳለ የጫራቸው ስንኞች በማርች 1987 ለወጣው «ዘ ጆሽዋ ትሪ» አልበም የመክፈቻ ዘፈን መነሻ ሆኑ። የዘፈኑ ርእስ መንገዶች ስም ስለሌላቸው ቦታ ይናገራል። ቦኖ በኋላ እንዳስረዳው፣ ቤልፋስት ውስጥ አንድ ሰው የሚኖርበት መንገድ ከታወቀ ሃይማኖቱም የኑሮ ደረጃውም ይታወቃል፤ ዘፈኑ የሚናፍቀው እንዲህ ያለው መለያ የማይሠራበትን ስፍራ ነው። ቤቱን በዋርካው፣ በወፍጮ ቤቱ ወይም በቤተ ክርስቲያኑ እያመለከተ ላደገ የእኛ አገር ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ይህ አልበም ዞሮ ዞሮ ቨርጂኒያ ቢች በምትባል የአሜሪካ የባሕር ዳር ከተማ፣ በሕፃንነቱ ከኢትዮጵያ የወጣ አንድ ልጅ እጅ ገባ። ልጁ ኬና ዘመድኩን ነው። በኋላ የራሱን ዘፈን እየደረሰ የሚጫወት ሙዚቀኛ ሆነ፤ የአሜሪካ የሙዚቃ ገበያም የትኛው መንገድ ላይ እንደሚኖር ሳይጠይቅ ሊሰማው አልፈቀደም።

ኬና ያደገበት ቤት ሙዚቃ የሚበዛበት ቤት አልነበረም። አባቱ በካምብሪጅ የተማሩ የምጣኔ ሀብት መምህር ነበሩ፤ ቤተሰቡ ተሰብስቦ የሚከታተለው የቴሌቪዥን ዜና ነበር። ሙዚቃ ከተከፈተ ደግሞ ኬኒ ሮጀርስ ነው። በኢትዮጵያውያን ስደተኞች ሳሎን የቴክሳስ ካንትሪ ዘፋኝ መሰማቱ ለአሜሪካዊ አንባቢ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል። አዲስ አበባን ለሚያውቅ ግን ምኑም አይገርምም፤ ኬኒ ሮጀርስና ጂም ሪቭስ በከተማችን ከአማርኛ ዘፈኖች ጎን ተሰልፈው ሲደመጡ የኖሩ ናቸው። ልጁ መዝፈን ሲያምረው ድምፁን ለመግራት ስቲቪ ወንደርንና ማርቪን ጌይን አደመጠ፤ ፒያኖ ራሱን በራሱ አስተማረ። የመጀመሪያ አልበሙን «ኒው ሴክሬድ ካው»ን ያዘጋጀው ከቻድ ሂዩጎ ጋር ሲሆን፣ ሂዩጎ ከፋሬል ዊሊያምስ ጋር ኔፕቱንስ የተባለውን የአዘጋጆች ጥምረት የመሠረተ የዚያው ከተማ ልጅ ነው። በ2003 የወጣውን ይህን አልበም የሚሰማ ሰው የተለያዩ ድምፆችን በአንድ ላይ ያገኛል። ከበሮው የሂፕ ሆፕ ነው፤ ከላይ የተነጠፈው ሲንተሳይዘር የሰማንያዎቹን እንግሊዝ፣ በተለይም ዴፔሽ ሞድ የተባለውን ባንድ ያስታውሳል፤ ድምፁ ደግሞ እንደ ቦኖ ሩቅ ላለ ሰው የሚጣራ ይመስላል።

«ሄል ቤንት» የተባለውን ዘፈን ከነቪዲዮው ማየት ተገቢ ነው። ምስሉ የተወሰደው ማርክ ኦዝበርን በ1998 ከሠራውና ለኦስካር ከታጨው «ሞር» ከተሰኘ አጭር ፊልም ነው። ግራጫ በለበሰ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ፣ ሆዱ ውስጥ ብርሃን ያለው የጭቃ አሻንጉሊት እናያለን። ዓለምን በደማቅ ቀለም የሚያሳይ መነጽር ይፈለስፋል፤ ይከብራል፤ የሆዱ ብርሃን ግን ይጠፋል። ታሪኩን የሚሸከመው አሻንጉሊቱ እንጂ ዘፋኙ አይደለም። ተመልካቹ ድምፁን የሚሰማው የዘፋኙን ቆዳ ቀለም ሳይጠይቅ ነው፤ እንዲህ ያለ ዕድል ለኬና ብዙ ጊዜ አልገጠመውም።

በሙዚቃው ሙያ የኖሩ ሰዎች ገና ከመጀመሪያው ተደንቀውበት ነበር። የአትላንቲክ ሬከርድስ ኃላፊ ክሬግ ካልማን ወደደው። የሊምፕ ቢዝኪት ባንድ ድምፃዊ ፍሬድ ደርስት አንዱን ዘፈን በስልክ መስመር ሰምቶ ሊያስፈርመው ተነሣ፤ የዩቱ ሥራ አስኪያጅ ፖል መጊነስም አየርላንድ ድረስ አስመጣው። ዘፈኖቹ ለገበያ ጥናት ሲቀርቡ ግን ነጥባቸው ወደቀ፤ በነጥብ የሚመሩት የሬዲዮ ጣቢያዎችም ገሸሽ አሉ። ጸሐፊው ማልኮም ግላድዌል በ2005 ባሳተመው «ብሊንክ» በተባለ መጽሐፉ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለዚህ ታሪክ ሰጠው። መከራከሪያው ቀላልና ጠንካራ ነው፦ አንድ ጉንጭ ፔፕሲ የቀመሰ ሰውና ጠርሙሱን ቤቱ ወስዶ የጨረሰ ሰው አንድ ዓይነት ፍርድ አይሰጡም፤ ሰው ለዓይኑ አዲስ የሆነበትን ወንበር «አስቀያሚ» ይለዋል፤ በቁራጭ የተሰማ እንግዳ ዘፈንም እንደዚሁ ነው። ይህን እቀበላለሁ። ሙዚቃው ለመመደብ እንደሚያስቸግርም ግላድዌል አልሳተውም። መልሱን የፈለገው ግን በሰው አእምሮ አሠራር ውስጥ ነው፤ እኔ ደግሞ በገበያው ታሪክ ውስጥ አየዋለሁ። ለአድማጩ «እንግዳ» የሆነበት ነገር ከድምፁ ብቻ አልመጣም፤ እንግዳ እንዲሆንበት አስቀድመው ያሰናዱት ብዙ አሥርት ዓመታት አሉ።

የአሜሪካ አሳታሚዎች ከ1920ዎቹ ጀምሮ ለጥቁር ገዢ ያሰቡትን ሸክላ «የዘር ሸክላ» ብለው ለብቻው ያወጡ ነበር። ቢልቦርድ መጽሔት ይህን ስያሜ በ1949 በ«ሪትም ኤንድ ብሉዝ» ቢተካውም ዝርዝሩ እንደተለየ ቀጠለ። ሮክን ካስጀመሩት መካከል ቸክ ቤሪና ሊትል ሪቻርድ ይገኛሉ፤ ሆኖም ትውልድ ሳያልፍ ጊታር የያዘ ጥቁር ሰው ማስረጃ የሚጠየቅበት ዘመን መጣ። ጂሚ ሄንድሪክስ ስሙ የገነነው አሜሪካን ትቶ በ1966 ለንደን ከገባ በኋላ ነው። በ1985፣ ቦኖ አጅባር በነበረበት ዓመት፣ ጊታር ተጫዋቹ ቨርነን ሪድና ጓደኞቹ ኒው ዮርክ ውስጥ ጥቁር የሮክ ሙዚቀኞችን የሚያሰባስብ ማኅበር ማቋቋም ግድ ሆነባቸው። እንግዲህ ለጥናቱ መላሽ የደረሰችው ቁራጭ ዘፈን በዚህ ሁሉ ወንፊት አልፋ ነው። የሬዲዮ ጣቢያውም የሮክ ወይም የ«ኧርባን»፣ በገበያው ቋንቋ የጥቁሮች ሙዚቃ፣ ተብሎ የተከፈለ ስለሆነ፣ ኬና ለአንዱ ጥቁር ሆነበት፤ ለሌላው ሮክ።

ይህን ሲሰማ የሚቃወመኝ ሰው አይጠፋም፤ ክብደት ያለው ተቃውሞም አለው። የመጀመሪያው «ሕዝቡ አልወደደውም፤ በቃ» የሚል ነው፤ የባለሙያ አድናቆት የሕዝብ ጆሮ አይሆንም። እውነት ነው፤ አልበሙ ወጥቶም ሽያጩ ከፍ አላለም። ነገር ግን የሬዲዮ ሞገድ ያላገኘ አልበም አለመሸጡ፣ ሬዲዮው መከልከሉን ትክክል የሚያደርግ ማስረጃ አይሆንም፤ ዘሩ ያልተዘራበትን ማሳ ፍሬ አልሰጠም ብሎ እንደመክሰስ ነው። ሁለተኛው የበለጠ ያሳስበኛል፦ በዚያው ዘመን ቲቪ ኦን ዘ ሬዲዮና ኬሌ ኦኬሬኬ የሚዘፍንበት ብሎክ ፓርቲ፣ ጥቁር ድምፃውያን ያሏቸው የሮክ ባንዶች፣ ተሳክቶላቸዋል። ታዲያ ዘፈንን በዘፋኙ ዘር የሚመድበው መደርደሪያ እነርሱን ለምን አላገዳቸውም? መልሱ ያለው በመጡበት መንገድ ላይ ይመስለኛል። የቲቪ ኦን ዘ ሬዲዮ የ2004 አልበም በአሜሪካ የወጣው በተች ኤንድ ጎ ሲሆን፣ የብሎክ ፓርቲ «ሳይለንት አላርም» በ2005 በእንግሊዝ የወጣው በዊቺታ ነው፤ ሁለቱም ትልልቆቹን ኩባንያዎችና የሬዲዮ ነጥብን ሳይጠብቁ ሐያሲያንንና ትናንሽ መድረኮችን የሚተማመኑ ነጻ አሳታሚዎች ናቸው። ኬና ግን እጣውን የጣለው በትልልቆቹ ላይ ነው፤ እነርሱም ያለ ሬዲዮ መሸጥ አያውቁም ነበር። ስለዚህ ከጥፋቱ ጥቂቱ የምርጫው መሆኑን አልክድም። ሆኖም ይህ ራሱ ነገሬን ያጠነክረዋል፤ ወንፊቱ በሌለበት መንገድ የሄዱት አልፈዋል።

ጉዳዩን ከማንም ይልቅ የተረዳው ዘፋኙ ራሱ ነበር። በ2007 ሁለተኛ አልበሙን ሲያወጣ ርእሱን «ሜክ ሹር ዜይ ሲ ማይ ፌስ» አለው፤ ፊቴን ማየታቸውን አረጋግጡ ማለት ነው። ከዚህ አልበም «ሴይ ጉድባይ ቱ ላቭ» የተባለው ዘፈን በ2009 ለተሰጠው የግራሚ ሽልማት ታጨ። የታጨበት ዘርፍ ግን የሮክ አልነበረም። በስሙ «ኧርባን» እና «ኦልተርኔቲቭ» የሚሉ ሁለት ቃላትን በእዝባር አጣምሮ የያዘ ዘርፍ ነበር። የመጀመሪያው ቃል የዘፋኙን ፊት፣ ሁለተኛው የዘፈኑን ድምፅ እንዲገልጽ የተቀመጠ ይመስላል፤ ከዚያ ዘርፍ የወጣውን ዋንጫም ሌላ ሰው ወሰደው።